ዓድዋ ላይ የወደቁት፦ የተቆጠሩትና ያልተቆጠሩት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ስለወደቀው የጣሊያን ጦር የተያዘው የኪሳራ መዝገብ እስከ መጨረሻው ሰው የወረደ ነው። 289 መኮንኖች ሞተዋል፤ 2,918 ጣሊያናውያን ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ሞተዋል፤ 954 ሰዎች የገቡበት ጠፍቷል። በጣሊያን ባንዲራ ሥር ተሰልፈው ወደሞቱት አስካሪዎች ሲመጣ ግን የመዝገቡ ጥንቃቄ ይላላል። “ወደ 2 ሺህ ይሆናሉ” ተብለው በጅምላ ታልፈዋል። በእኛ በኩል ደግሞ ጅምላው ራሱ አንድ አይደለም። አንዱ ጸሐፊ 4 ሺህ ሰው ሞተ ይላል፣ ሌላው 6 ሺህ፣ ከፍ ያለው ግምት 7 ሺህ ይደርሳል። ቁስለኛው 8 ሺህ ነው የሚል አለ፣ 10 ሺህ ነው የሚልም አለ። በዝቅተኛውና በከፍተኛው የሟች ግምት መካከል ያለው ልዩነት 3 ሺህ ሰው ነው። 3 ሺህ ሰው ይኑር አይኑር ሳይታወቅ ድሉ ከ120 ዓመት በላይ ተከብሯል።

ስለ ዓድዋ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው የተጻፈው ግን ስለ ድሉ ምክንያትና ስለ ድሉ ትርጉም ነው፤ ስለ ውጫሌ ውል፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ኩራት፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ብልሃት፣ ስለ እቴጌይቱ ቆራጥነት። ድሉ በስንት ሕይወት እንደተገዛ፣ ዋጋውን ማን እንደከፈለና ዓመታዊው በዓል ያንን ዋጋ እንዴት እንደሚሸከመው የጠየቀው ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ዓድዋን የምናከብረው ድሉ በርካሽ የተገኘ ይመስል ነው።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ የጊዮርጊስ ዕለት። ወቅቱም ዐቢይ ጾም ነው። 100 ሺህ ያህል እንደሚሆን የሚገመተው የኢትዮጵያ ጦር ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከበጌምድር፣ ከሐረር፣ ከትግራይና ከሌላውም አገር ተጠራርቶ ዓድዋ ዙሪያ ከሰፈረ ሳምንታት አልፈውታል። ስንቁ አልቋል። ዐፄ ምኒልክ ሰፈሩን ነቅለው ለመመለስ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪም ከ17 ሺህ የሚበልጥ ጦርና 56 መድፍ ይዞ እንቲጮ አካባቢ በረሃብ ተይዟል፤ የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀን ነው። ከሮም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቴሌግራም ይነዘንዘዋል። ሁለት የተራቡ ጦሮች ተፋጠው ማን ቀድሞ ይነቃነቅ ይሆን የሚባባሉበት ጊዜ ነበር። ባራቲየሪ ቀድሞ ተነቃነቀ።

ሌሊት የተንቀሳቀሱት የጣሊያን ብርጌዶች በጨለማና በተሳሳተ ንድፍ ተለያዩ። “ኪዳነ ምሕረት” ተብሎ በንድፉ ላይ የተመለከተው ኮረብታ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። ጄኔራል አልበርቶኔ የአገሩ መሪዎች ወዳሳዩት ወደ እውነተኛው ስፍራ ሲያልፍ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ቀረ። ጎሕ ሲቀድ ውጊያው የተጀመረው እዚያ ነው። የዕለቱ ከባዱ የኢትዮጵያውያን እልቂትም የደረሰው በዚያው ጠዋት፣ በአልበርቶኔ መድፎች ፊት እንደሆነ ከብዙዎቹ ዘገባዎች መረዳት ይቻላል። ገላጣ መሬት ላይ፣ ወደ ዳገት፣ በተጠመደ መድፍ ፊት መሮጥ ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት የጦር ትምህርት አያስፈልግም። ጠመንጃ የሌለው ዘማች ጠመንጃ ካለው ኋላ ይከተላል፤ የፊተኛው ሲወድቅ መሣሪያውን አንሥቶ ይቀጥላል። ሽለላና ቀረርቶ ይህን እንደ ጀግንነት ያወሳዋል፤ ጀግንነትም ነው። በሂሳብ ሲታይ ግን እያንዳንዱ በኋላ የተነሣ ጠመንጃ ፊት የወደቀ አንድ ሰው አለው።

ከወደቁት መካከል ስማቸው የቀረልን ሹማምንቱ ናቸው። ፊታውራሪ ገበየሁ በዚያው ጠዋት ወደቁ፤ አጽማቸው በኋላ ወደ አገራቸው ወደ አንጎለላ ተወስዶ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አርፏል። በ1887 ወደ ሩሲያ የተላኩትን መልእክተኞች የመሩት ፊታውራሪ ዳምጠው ሞቱ። ደጃዝማች ባሻህ አቦዬ ሞቱ፤ ደጃዝማች ጫጫም እንዲሁ። ዝርዝሩ ሌሎች ጥቂት ባለ ማዕረጎችን ጨምሮ ያበቃል። አጽምን ሰባትና ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር አጓጉዞ በትውልድ ቀዬ ማሳረፍ ለታላላቆች ብቻ የሚቻል ነገር ነበር። ተራው ዘማች በወደቀበት ተቀበረ፣ ወይም ሳይቀበር ቀረ።

ለዚህ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎችን መውቀስ አይገባም። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መጽሐፍ የንጉሥ ታሪክ ነው፤ ሲጽፉም የንጉሡን ሥራ ሊጽፉ ነው የተነሡት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ሮም ላይ ባሳተመው የምኒልክ ታሪክ ያሰበው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ተራ ወታደርን በስም መመዝገብ በአውሮፓም አዲስ ነገር ነበር፤ በ1815 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዋተርሉ ላይ የሞቱት በየጉድጓዱ በጅምላ ነው የተጣሉት። የጣሊያን መዝገብ ዝርዝር የሆነው ጣሊያኖች ለሰው ሕይወት ከእኛ ይልቅ ስለሚሳሱ አይደለም። ደመወዝ የሚከፈለው፣ ጡረታ የሚታሰብለት፣ የደንብ ቁጥር ያለው ጦር ስለነበራቸው ነው። የእኛ ዘማች ግን ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ግዴታ ነበረበትና የሚያውቀው መልከኛው ወይም ጌታው ነው። የዘማቹ መዝገብ የጌታው ትዝታ ነበር ማለት ነው፤ ጌታው ሲሞት መዝገቡም አብሮ ይሞታል።

ስለ ሜዳው ከቀሩልን ምስክርነቶች ውስጥ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅመናል። አንደኛው ገና በልጅነታቸው ከዘማቹ ጋር ዓድዋ የነበሩት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለንባብ በቃ። ዜና መዋዕሉ ከንጉሡ ድንኳን ሲያይ፣ እዚህ ግን ልጅ ሆኖ ጦር ሰፈር ውስጥ የኖረ ሰው ነው የሚናገረው። ሁለተኛው ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ዓድዋ የሄደው የእንግሊዛዊው የኦገስተስ ዋይልድ ዘገባ ነው። ዋይልድ ለማንችስተር ጋርዲያን ጋዜጣ የሚጽፍ፣ ትግራይን ከዚያ በፊትም የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1901 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የጦር ሜዳውን አካሄድ ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ነገር ይተርካል፤ ያልተቀበረውን አስከሬን፣ የተራቆተውን መንደር፣ እጅና እግራቸውን የተቆረጡትን ሰዎች። ቅኝ ገዥነት የለመደ ዓይን እንዳለው አይካድም። ቢሆንም ሌሎቹ ፈረንጆች ድንጋጤያቸውን ሲተነትኑ እሱ በእግሩ ሄዶ አይቷል። ከዘመናችን ደግሞ የሬይመንድ ጆናስ መጽሐፍ የእስረኞቹንና የተራውን ወታደር ዕጣ በዝርዝር ስለሚከታተል ከሌሎቹ ይለያል።

ስለ ቁስለኛው የሚነገረው ከሟቹም ያንሳል። እቴጌ ጣይቱ ሴቶቹን አሰማርተው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እንዳቀረቡ ሁሉም ይጽፋል፤ የበዓሉ ንግግሮችም አይዘሉትም። ውሃው ከተጠጣ በኋላስ? ጥይት አጥንቱን የሰበረው ሰው ያለው ተስፋ ወጌሻ ነው፤ ሆዱን የተመታው ደግሞ ቄስ። የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ የደረሰው ከወራት በኋላ፣ ክረምት ላይ ነበር። ኋላ የምኒልክ ሆስፒታል የተባለው ሥራ መነሻውን ከዚያ ቡድን ያገኘ ነው። ቡድኑ ያከመው እንግዲህ ከዓድዋ አዲስ አበባ ድረስ ያለውን መንገድ በበቅሎ ጀርባ፣ በቃሬዛ ወይም በእግሩ ችሎ የተረፈውን ነው። የአብዛኛው ቁስለኛ ታሪክ ያለቀው መንገድ ላይ መሆን አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ግንቦት ላይ ነው፤ የብዙ ቤት ለቅሶም የተጀመረው ዘማች ሲመለስና ሳይመለስ በታወቀበት በዚያን ጊዜ ነው። እናትና ሚስት እርም ያወጡት ሬሳ ሳያዩ፣ “ከእገሌ ጋር አይቼው ነበር” በሚል ወሬ ብቻ ነው።

በዓሉ ጨርሶ የማያውቃቸው ደግሞ አራሾቹ ናቸው። ዓድዋ የመጣው ክፉ ቀን ካለፈ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1880 አካባቢ በምጽዋ በኩል ገብቷል የሚባለው የከብት በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል፤ በሬ የሌለው አራሽ መሬቱን በእጁ ቆፈረ፤ ረሃቡ እስከ 1884 ዘለቀ። መንደሮች ገና ሰው ሳይሞላቸው፣ ጎተራ ገና ሳይጠና፣ መቶ ሺህ ሰውና ስፍር ቁጥር የሌለው አጋሰስ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአገሩ ላይ አለፈ፤ ከዚያም ትግራይ ላይ ወራት ተቀመጠ። ምኒልክ የወታደርን ዝርፊያ ለማስቀረት ከረሃቡ በኋላ አሥራት መደንገጋቸው ይታወሳል። ይሁን እንጂ ስንቁ ያለቀበት ጦር ፊት አዋጅ ብዙ አይገታም። እንቲጮና ዓድዋ ዙሪያ የነበረው ገበሬ በአንድ በኩል የጣሊያን፣ በሌላው በኩል የወገን ጦር ጎተራውን አራግፎበታል። ይህ ሁሉ በየትኛው የኪሳራ መዝገብ ገባ? ጦርነት ሲቆጠር በጥይት የሞተው ይቆጠራል፤ ቀጣዩን ክረምት ያለ ዘር ያሳለፈው አይቆጠርም።

አንድ ሌላ ነገርም ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። ከዓድዋ ዘማቾች ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወር በፊት ወላይታ ላይ ዘምተው ነበር፤ የአገሩ ንጉሥ ካዎ ጦና ተማርከው፣ ሕዝቡ ክፉኛ አልቆ ነበር። በአንዱ ሜዳ ነጻነት የጠበቀ ጦር በሌላው ሜዳ ነጻነት የገፈፈ ጦር ነው። ዓድዋን ይህ አያሳንሰውም፤ ነገር ግን ስለ ዋጋ የሚነጋገር ሰው የሚመቸውን ሂሳብ ብቻ መርጦ መቁጠር አይችልም።

አሁን ወደ አስካሪዎቹ። የአልበርቶኔ ብርጌድ ከሞላ ጎደል የአስካሪ ብርጌድ ነበር፤ አብዛኞቹ ከዛሬዋ ኤርትራ የመጡ፣ ረሃቡ ያባረራቸው፣ የጣሊያን ደመወዝ እንጀራ የሆነላቸው ወጣቶች። በጠዋቱ ውጊያ የሞተው ሞተ። የተማረኩት ደግሞ እንደ ጣሊያኖቹ አልታዩም። ጣሊያኑ ጠላት ነው፣ አስካሪው ከሃዲ ነው ተባለና ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 800 ያህል ነው። ቅጣቱ በዘመኑ ሕግ ለከዳተኛ የሚገባ ነው ያሉ ነበሩ። ዛሬ በበዓል መድረክ ይህ አይነሣም፤ ቢነሣም ለማስተባበል ነው። እኔ ማስተባበሉን አልቀበልም። ዋይልድ በመንገድ ያያቸው ሰዎች ገና ወጣቶች ነበሩ፤ በአንድ እጅና በአንድ እግር የሚታረስ መሬት የለም። ሕጉ ምንም ቢል የሰው ሕይወት ዋጋ ሲጻፍ የእነሱም ስም ከገጹ ሊወጣ አይገባም።

የጣሊያን ምርኮኞች ዕጣ ከዚህ የተለየ ሆነ። ወደ 1,900 የሚጠጉት ከዓድዋ ወደ ሸዋ በእግር ተጓዙ፤ መንገድ ላይ የሞቱ አሉ፤ የደረሱት በየሹማምንቱና በየባላገሩ ቤት ተደልድለው በድርጎ ኖሩ፤ አንዳንዶቹ በአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ላይ ሠርተዋል። የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ሊዮን 13ኛ እንዲፈቱላቸው መልእክተኛ ልከዋል። ጥቅምት 17 ቀን 1889 የአዲስ አበባ ውል ተፈርሞ፣ ለቀለባቸው 10 ሚሊዮን ሊሬ ተከፍሎ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ የሽንፈቱ ወሬ እንደተሰማ ከተሞች ታመሱ፤ ሕዝቡ ተጨማሪ ወታደር እንዳይሄድ ባቡር ጣቢያ ዘጋ፤ የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ። የእነሱ እናቶች ሐዘናቸውን አደባባይ አውጥተው መንግሥት ጣሉበት።

የሐዘኑ አያያዝ በድንጋይም ይታያል። ራስ አሉላ በ1879 ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ከ400 በላይ ሰው ነበር። ወዲያው በዚያው ዓመት ሮም ላይ ከግብፅ በመጣ ሐውልት ሥር የሟቾቹ ስም በነሐስ ተጽፎ ቆመ፤ ዛሬም አለ። ያ መታሰቢያ የቅኝ ግዛት ጥማትን የሚያሳምር ሐውልት ነው። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው ያቆሙት ከሱ ሥር ነው፤ ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስም ይህን ተቃውሞ ሰይፉን የመዘዘው እዚያው ነው። ክፉ ዓላማ ያለው ሐውልት መሆኑ ግን አንድ ነገር አይሸፍንም፦ ዶጋሊ ላይ የሞተው የጣሊያን ተራ ወታደር ስሙ ይነበባል። እዚያው ዶጋሊ የሞተው የአሉላ ወታደር ስሙ የለም። አዲስ አበባ ላይ ዓድዋን የሚያስታውሰው ዋናው ሐውልት የምኒልክ ፈረሰኛ ሐውልት ነው፤ በ1923 ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በፊት ተመርቆ፣ ጣሊያን አውርዶት፣ ነጻነት ሲመለስ ዳግም ቆመ። ለንጉሡ ይገባል። ዙሪያውን ግን ዘማች የለም።

በየካቲት ወር ውስጥ የሥራ ክፍፍል የተደረገ ይመስለኛል። የካቲት 12 የሐዘን ቀን ነው፤ ስድስት ኪሎ ሰማዕታት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ የፋሺስት ጭፍጨፋ ሰለባዎች ይታሰባሉ። ከ11 ቀን በኋላ የሚመጣው 23 ደግሞ የደስታ ነው፤ ጎፈር፣ ጋሻ፣ ጦር፣ ፈረስ፣ ፉከራ። ሐዘኑን ለአሥራ ሁለተኛው ቀን አስረክበን ሃያ ሦስተኛውን ለደስታ ብቻ ያስቀረነው ይመስላል። የዓድዋ ሟቾች ግን ሰለባ አልነበሩምና የካቲት 12 ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ሙታን ናቸውና በ23 ፉከራ ውስጥም አይገቡም።

ቀርቶ ቀርቶ በዓሉ ራሱ የጠብ መነሻ ሆኗል። የት ይከበር፣ ማን ያክብር፣ የማን ምስል ከፊት ይውጣ የሚለው ክርክር ባለፉት ዓመታት ሰፍቶ፣ በ2015 ዓ.ም. የመንግሥቱ ሥነ ሥርዓት መስቀል አደባባይ ሲካሄድ ምኒልክ አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሕይወትም ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት 3 ቀን ፒያሳ ላይ ትልቁ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ከዚህ ሁሉ የጉዞ ዓድዋ ወጣቶች ሐሳብ ይበልጥብኛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር መሄድ፣ ዘማቹ የሄደበትን አቀበት መቅመስ፣ በየመንደሩ ማደር፤ የተራውን ሰው ድካም ለመረዳት ከንግግር የተሻለ መንገድ ነው።

ያ መንገድ ግን በመካከሉ ተዘግቶ ነበር። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት በትግራይ የተካሄደው ጦርነት፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጭምር፣ ዓድዋን፣ አክሱምንና ሽሬን ያዳረሰ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የሞተው ሰው እስከ 600 ሺህ ሊደርስ ይችላል ብለዋል። ሌሎች ከዚያ ዝቅ ያለ ግምት ሰጥተዋል። መዝገብ ግን በየትኛውም ወገን አልወጣም። ከዓድዋ 125 ዓመት በኋላ፣ መታወቂያና ስልክ ባለበት ዘመን፣ በዚያው መሬት ላይ ሰው እንደገና በግምት ተቆጠረ። ለ1888ቱ ዘማች ዘመኑ አልፈቀደለትም ማለት ይቻላል። ለአሁኑ ምን ይባላል?

“ከመቶ ዓመት በኋላ ስም ፍለጋ ምን ይፈይዳል፣ ከየትስ ይገኛል?” የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሶም ጦርነት መቃብራቸው ላልታወቀ ከ72 ሺህ በላይ ወታደሮች ቲየፕቫል ላይ ስማቸውን በድንጋይ የቀረጸችው ብሪታንያ በአፍሪካ ላዘመተቻቸው ተሸካሚዎችና ወታደሮች ይህን አላደረገችም ነበር። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው ዘገባ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ቢያንስ 116 ሺህ፣ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱ፣ በአብዛኛው ከምሥራቅ አፍሪካና ከግብፅ የመጡ ሰዎች በስማቸው እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል፤ ስም ፍለጋም ጀምሯል። እነሱም ያን ያደረጉት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ለእኛም መነሻ አይጠፋም። ሰባት ትውልድ የሚቆጥር ቤተሰብ አለ፤ “ቅድመ አያታችን ዓድዋ ቀረ” የሚል ቤት ሸዋም ጎጃምም ሐማሴንም ሞልቷል። ተዝካር የተበላላቸውን ሰዎች ስም የያዘ የደብር መጽሐፍ ይኖራል፤ ለዘማች ልጅ ርስት ሲመራ የተጻፈ የመሬት ወረቀት አለ፤ በሽለላው ውስጥ በአባት ስም የሚጠራ ተራ ሰው አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከአክሱም እስከ አርባ ምንጭ ተዘርግተዋል፤ የታሪክ ተማሪ በየቀዬው ተሰማርቶ ቢያንስ የአያቶቹን ቃል መቅረጽ ይችላል። ሥራው አድካሚ ነው፤ የሚገኘውም ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ሆኖም 300 ስም ቢገኝ ዛሬ በእጃችን ካሉት የጥቂት ሹማምንት ስሞች ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ዝርዝር የተጀመረ እንደሆነ የመጀመሪያው ክርክር የአስካሪዎቹ ስም ይግባ አይግባ የሚለው እንደሚሆን አውቃለሁ። አይግባ የሚሉት ቁጣቸው ይገባኛል፤ በጠላት ባንዲራ ሥር ነው የተዋጉት። ሆኖም ብዙው አስካሪ የተወለደው ከዓድዋ ብዙም ሳይርቅ ከመረብ ማዶ ነው፤ የሚናገረው የዓድዋን ሰው ቋንቋ ነው፤ ጾሙ አንድ ነው፤ ያፈናቀለውም ያው ክፉ ቀን ነው። ስሙ ከየትኛው ወገን እንደወደቀ ተጽፎበት፣ ለብቻው በሆነ ገጽም ቢሆን፣ ይግባ እላለሁ።